የሁለት ቀን እንግዳ

ቬኒስን ከዓይኔ በፊት ያወቃት ጆሮዬ ነው። ቲያትር የሚወድ ተማሪ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን ኦቴሎ ሳያነብ አያልፍም። ኦቴሎን ያነበበ ደግሞ ያችን ከተማ ያውቃታል። በሌሊት ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ ልጁን የሚፈልገውን አባት፣ ጥቁሩን የጦር አዛዥ ለጦርነት ሲፈልጉት የሚያከብሩትን፣ ልጃቸውን ሲያገባ ግን የሚጸየፉትን ጌቶች ያውቃል። ስለዚህ ለእኔ ቬኒስ ማለት ባሕር፣ ንግድና የጥቁር ሰው ፈተና ነበረች። ጎንዶላና ፎቶግራፍ በኋላ የመጡ ነገሮች ናቸው።

ባለፈው ጥቅምት በተማሪዎች ልውውጥ ምክንያት ለጥቂት ሳምንታት ወደ ሰሜን ጣልያን ሄጄ ነበር። ትምህርቱ ሲያልቅ ሁለት ቀን ተረፈኝ። የእናቴ አብሮ አደግ የሆኑ ሴትዮ፣ እኛ ቤት ሁሉም እትዬ የሚላቸው፣ ከቬኒስ ማዶ በየብስ ላይ ባለችው በሜስትሬ ይኖራሉ። «ጎንደር ተወልደህ፣ እዚህ ድረስ መጥተህ ቬኒስን ሳታይ ልትመለስ? እናትህስ ምን ትለኛለች?» አሉኝና ሄድኩ። እንግዲህ አንባቢዬ፣ የሁለት ቀን እንግዳ ያየውን ነው የምነግርህ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌዋለሁ፤ እንዳትደናገር።

ከሜስትሬ ወደ ከተማዋ የሚወስደው ረጅም ድልድይ ነው። ባቡሩ ከ1846 ጀምሮ፣ መኪናው ደግሞ ከ1933 ጀምሮ በባሕሩ ላይ ይሄዳል። የመኪናው ድልድይ ዛሬ «የነጻነት ድልድይ» ይባላል እንጂ የተመረቀው በሙሶሊኒ ዘመን፣ በፋሽስቶቹ ምልክት ስም ነበር። ስሙ ከጦርነቱ በኋላ ነው የተለወጠው። እኔ ይህን ሳነብ ፈገግ አልኩ። አያቶቻችን በእሳትና በጭስ ያወቁት ዘመን እዚህ ሰሌዳ ተቀይሮለት አውቶቡስ ያመላልሳል!

ድልድዩ ሲያልቅ መኪናም ያልቃል። ይህ ነገር ሲነገር ቀላል ነው፣ ሲያዩት ግን ጉድ ያሰኛል። ከተማዋ 118 ትንንሽ ደሴቶች ላይ የተሠራች ስትሆን የሚያያይዟት ከ400 በላይ ድልድዮች ናቸው። ቆሻሻ የሚሰበሰበው በጀልባ ነው፤ ሲሚንቶ የሚመጣው በጀልባ ነው፤ አምቡላንሱ ጀልባ ነው፤ አስከሬንም ወደ መቃብር ደሴቱ የሚሻገረው በጀልባ ነው። ሞተርና ጡሩምባ ከሌለበት ሰፈር የሰው ኮቴ ይሰማል። ከአዲስ አበባ ለሄደ ሰው ይህ ዝምታ ራሱ አንድ ሙዚየም ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ድንጋይ በምን ላይ ቆመ? በእንጨት ላይ። የጥንቶቹ ሰዎች ግንዱን እያሾሉ በጭቃው ውስጥ ጥቅጥቅ አድርገው ይተክሉና፣ በላዩ ሳንቃ፣ ከሳንቃው በላይ ውሃ የማያሳልፍ ድንጋይ፣ ከዚያ በላይ ግንቡን ያቆማሉ። በ1630 ወረርሽኝ ገብቶ ከተማዋን ሲፈጃት ለእመቤታችን ተስለው የሠሩት የሳሉቴ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ግንድ እንደተተከለለት ይነገራል። እንጨቱ ለምን አልበሰበሰም ብትል፣ ጭቃው ውስጥ አየር አይገባም፤ አየር ከሌለ የሚያበሰብሰው ተሕዋስ ሥራ ይፈታል። ጠላቴ ያሉት ጭቃ ጠባቂ ሆነላቸው ማለት ነው።

ጎንዶላዋንም ቆሜ አየኋት። ርዝመቷ ወደ 11 ሜትር ነው፤ ቀለሟ ጥቁር። ከፊት ለፊቷ የብረት ማበጠሪያ የመሰለ ነገር አለ፤ ስድስቱ ጥርሶች ስድስቱን የከተማዋን ክፍሎች ይወክላሉ ይላሉ። የሚገርመው ግን ጠማማ መሆኗ ነው። ቀዛፊው አንድ ስለሆነና በአንድ ጎን ብቻ ስለሚቀዝፍ፣ ጀልባዋ እንዳትዞር የግራ ጎኗን ከቀኙ በ24 ሳንቲም ሜትር አስፍተው ይሠሯታል። ቀጥ ብላ እንድትሄድ አጣመሟት! የጣናን የደንገል ታንኳ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለውን ብልሃት ሲያይ እጅ ይነሣል። የግማሽ ሰዓት ሽርሽሯ ግን 90 ዩሮ ነው። እኔ ሕዝቡ በትልቁ ቦይ ከወዲያ ወዲህ በሚሻገርባት፣ ለእንግዳ 2 ዩሮ በምታስከፍለው ጎንዶላ ቆሜ ወደ ዓሣ ገበያው ተሻገርኩ። ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ከጎኔ አንዲት አሮጊት ጎመን ይዘው ነበር፤ አንድም ጊዜ ወደ ውሃው አላዩም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። እኛ ቬኒስን ሳናውቃት በየቀኑ እንጠራታለን። «ጋዜጣ» የምንለው ቃል የመጣው ጋዜታ ከምትባል የቬኒስ ትንሽ ሳንቲም ነው፤ በ16ኛው መቶ ዘመን የወሬ ወረቀት የሚሸጠው በእሷ ነበር። ስንለያይ የምንባባለው «ቻው» ደግሞ በቬኒስ ቋንቋ «ባሪያህ ነኝ» ከሚል ሰላምታ ያጠረ ነው። «ጌቶ» የሚለውም ቃል የዚያችው ከተማ ነው፤ በ1516 አይሁዶችን ብረት ይቀለጥበት ከነበረ አንድ ሰፈር ሰብስበው፣ ማታ ማታ በሩን እየቆለፉ፣ የዘበኞቹን ደመወዝ ከአይሁዶቹ ኪስ ያስከፍሉ ነበር። ጨዋታ፣ ወሬና እስር ቤት፤ ሦስቱንም ቃል ለዓለም ያበደረች አንዲት ከተማ ናት።

በቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ሁሉም ሰው ቀና ብሎ ያንጋጥጣል። እኔም አንጋጠጥኩ። ነገር ግን ተዋሕዶ ቤት ያደገ ሰው እዚያ ሲቆም እንደ ሌላው ጎብኚ አይሆንም። ማርቆስ የእስክንድርያ ሐዋርያ ነው፤ እኛም እስከ 1959 ድረስ ጳጳስ የምንቀበለው ከማርቆስ መንበር ነበር። ዐፅሙ ቬኒስ የገባው በ828 ነው። ታሪኩን እነሱ ራሳቸው አይደብቁትም፤ ሁለት ነጋዴዎች ከእስክንድርያ ሰርቀው፣ ፈታሾቹ እጃቸውን እንዳይሰዱ በአሳማ ሥጋ ሸፍነው አወጡት ይላሉ። በቤተ ክርስቲያኑ ፊት ባለ በር ላይ በሞዛይክ ሥለውታል። ከበሩ በላይ የቆሙት አራቱ የነሐስ ፈረሶችም በ1204 ከቁስጥንጥንያ የተዘረፉ ናቸው፤ በ1797 ናፖሊዮን ዘርፎ ፓሪስ ወሰዳቸው፤ በ1815 ተመለሱ። ውጭ የሚታዩት ዛሬ ቅጅ ናቸው፤ እውነተኞቹ ውስጥ ተቀምጠዋል። ሌባ ሌባን ሰርቆ፣ ተመልሶ የተሰረቀው ሰው ነኝ ብሎ ሲጮህ ይታይህ! ሆኖም ሁሉም ነገር እንደወጣ አልቀረም። በ1968 የሮማው ፓፓ ከማርቆስ ዐፅም ከፍለው ለግብፅ ቤተ ክርስቲያን መልሰዋል፤ በካይሮ አዲሱ ካቴድራል ሲመረቅ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ተገኝተው ነበር። ከሮማ የተመለሰው የአክሱም ሐውልታችን ግን በ1937 ሄዶ እስከ 2005 መጠበቅ ነበረበት።

እኔን ያቆመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ከአደባባዩ ዳር፣ በኮረር ሙዚየም በኩል ገብቶ የማርቆስ ቤተ መጻሕፍት ይደረሳል። እዚያ ፍራ ማውሮ የሚባል መነኩሴ በ1450 አካባቢ የሠራው የዓለም ካርታ አለ። ክብ ነው፤ ስፋቱ ሁለት ሜትር ያህል ይሆናል፤ ወደ ሦስት ሺህ የሚጠጉ ጽሑፎች ተጽፈውበታል። ዛሬ እንደለመድነው ሳይሆን ደቡቡ ከላይ፣ ሰሜኑ ከታች ነው። አፍሪካ ከላይ ናት! ጣልያን ከሥር ተዘቅዝቃ ትታያለች። እና ከላይ በኩል፣ ተራራው እንደ ሽንሽን በተደረደረበት ቦታ፣ የአገሬ ወንዞች አሉ። አባይ አለ፤ ተከዜ አለ፤ አዋሽ አለ። በመነኩሴው ጆሮ ትንሽ ተጣመው፣ ግን ሲያዩአቸው የሚታወቁ ናቸው።

መነኩሴው ኢትዮጵያን በእግሩ አልረገጣትም። ራሱ በካርታው ላይ እንደጻፈው፣ ወንዙንና ተራራውን ከነስሙ በገዛ እጃቸው እየሣሉ ያሳዩት የዚያው አገር ተወላጅ የሆኑ የሃይማኖት ሰዎች ናቸው። ያ ዘመን እንግዳ ዘመን አልነበረም። በ1402 የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች ነብር ይዘው ቬኒስ ገብተዋል፤ በ1441 ከኢየሩሳሌም የመጡ መነኮሳቶቻችን ፍሎሬንስ በተደረገው ጉባኤ ተገኝተዋል። ኋላም ኒኮሎ ብራንካሌዮን የሚባል የቬኒስ ሠዓሊ ወደ እኛ መጥቶ፣ መርቆሬዎስ ተብሎ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሥል ዕድሜውን እዚያው ጨርሷል።

ከካርታው ፊት ለፊት ቆሜ ያሰብኩት ስለ እነዚያ መነኮሳት ነው። የመነኩሴው ስም አለ፤ የእነሱ ስም የለም። ግን እጃቸው አለ። ጠረጴዛ ከበው፣ በማያውቁት ቋንቋ መካከል፣ «አይደለም፣ አባይ እዚህ ጋ ይታጠፋል» ብለው ጣታቸውን ሲያሳርፉ ይታየኛል። እነዚያ ሰዎች ሲመጡ የሚያሳዩት ነገር ነበራቸው፤ ተቀምጦ የሚሰማቸውም አገኙ። እንግዳ ማለት እንዲህ ነው ብዬ አሰብኩ፤ አይቶ ብቻ የሚሄድ ሳይሆን ሰጥቶና ተቀብሎ የሚሄድ።

አሁን ወደ እትዬ ልመለስ። እትዬ በቬኒስ የሚሠሩት ሥራ አዛውንት መጦር ነው፤ እዚያ አገር «ባዳንቴ» ይሉታል። የሚጦሯቸው አሮጊት የሚኖሩት ካናሬጆ በሚባለው ሰፈር፣ ከሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት በሌለው ቤት ነው። በሁለተኛው ቀን ከሥራ ሲወጡ ጠብቄ አብረን ሄድን።

«እዚህ ፎቅ ላይ ስንት ቤተሰብ አለ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ቤተሰብ? የእኔዋ አሮጊት ብቻ ናቸው። ሌላው ሁሉ በሳምንት የሚከራይ ነው። ሻንጣ ሲጎተት ነው የምንሰማው። ጎረቤት የለ፣ ሳል የሚሰማ የለ። እሳቸው ሲወድቁ የሚሰማቸው እኔ ከሌለሁ ማን ነው?» አሉኝ።

ይህ የእትዬ ብቻ ወሬ አይደለም። በሪያልቶ ድልድይ አጠገብ ያለ አንድ ፋርማሲ ከ2008 ጀምሮ የነዋሪውን ቁጥር በመስኮቱ ላይ በኤሌክትሪክ ሰሌዳ ያሳያል። በ1951 በደሴቶቹ ላይ በተሠራችው አሮጌዋ ከተማ የሚኖረው ሰው 175,000 ያህል ነበር፤ በ2022 ከ50,000 በታች ወረደ። በዓመት የሚመጣው ጎብኚ ደግሞ ከሃያ ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ይገመታል። ከ2024 ጀምሮ በተመረጡ ቀኖች ውሎ የሚመለስ ሰው የመግቢያ 5 ዩሮ እንዲከፍል ተደርጓል፤ በ2025 ዘግይቶ የሚመዘገበው 10 ዩሮ ሆነበት። እኔ የሄድኩበት ወር ከሚከፈልባቸው ቀኖች ውጭ ነበር። ለከተማ የመግቢያ ትኬት! እንደ ሲኒማ ቤት።

ውሃውስ? ውሃውን ሰው ይፈራዋል፤ ነገር ግን ለውሃው መላ ተፈልጎለታል። ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ባሕሩን ወደ ጥጉ ሲገፋው፣ ማዕበሉም ከዚያው ሰዓት ሲገጥም ውሃው ይነሣል። በኅዳር 1966 ከተማዋን 194 ሳንቲም ሜትር፣ በኅዳር 2019 ደግሞ 187 ሳንቲም ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ገባባት። በሦስቱ የባሕር በሮች ላይ 78 የብረት መዝጊያዎች ተተክለዋል፤ በደህናው ቀን ውሃ ሞልቶባቸው ከባሕሩ ወለል ይተኛሉ፤ ክፉ ቀን ሲመጣ አየር ይነፋባቸውና ተነሥተው ይቆማሉ። ሥራው በ2003 ተጀመረ፤ በመካከሉ በ2014 በሙስና ብዙ ሰው ታሰረበት፤ ከአምስት ቢሊዮን ዩሮ በላይም በላ፤ ሆኖም ከጥቅምት 2020 ጀምሮ እየተነሣ ውሃውን ይመልሳል። የባሕር ውሃ በመዝጊያ ይመለሳል። እትዬ የሚሰሙትን የሻንጣ ድምፅ ግን ምን ይመልሰዋል?

ወደ ባቡር ጣቢያው ስንደርስ ጀንበር ልትጠልቅ ነበር። ሰው በደረጃው ላይ ተቀምጦ ትልቁን ቦይ ፎቶ ያነሣል። በእውነት ያምራል፤ ያማረውን አላማረም አልልም። እትዬ ግን ፊታቸውን ወደ ሌላ አዞሩ። «እኔ እዚህ ጋ አልቆምም» አሉ። ለምን ስላቸው ነገሩኝ። ታሪኩን በኋላ በጋዜጣም አነበብኩት።

በጥር 2017 አንድ የጋምቢያ ወጣት ከዚያው ከጣቢያው አጠገብ ከትልቁ ቦይ ውስጥ ገባ። ዕድሜው 22 ነበር። በሲሲሊ በኩል ጣልያን ከገባ ሁለት ዓመት ያህል ሆኖታል። የመንሳፈፊያ ጎማዎች ተወርውረውለት ነበር፤ አልያዛቸውም። ውሃው ግን የክረምት ውሃ ነው። በጀልባና በዳር ከቆመው ብዙ ሰው የዘለለለት አልነበረም። በስልካቸው የቀረጹት ነበሩ፤ በቀረጻው ውስጥ ሲያፌዙበትና ሲሰድቡት የሚሰማም ድምፅ አለ። ልጁ ሰጠመ።

«እኔ ቪዲዮውን አላየሁትም፤ ማየትም አልፈልግም። እናቱን ነው የማስበው» አሉ እትዬ። ከዚያ በላይ አልተናገሩም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

እኔም ዕድሜዬ 22 ነው። ቆዳዬም እንደ እሱ ነው። እንደ እሱ ሁሉ የማላውቀው አገር ውሃ ዳር ቆሜያለሁ። በእኔና በእሱ መካከል ያለው ልዩነት ምን እንደሆነ ራሴን ጠየቅሁ። ኪሴ ውስጥ የመመለሻ ትኬት አለ፤ ፓስፖርቴ ላይ ማኅተም አለ። በዚህ ምክንያት እኔ «ጎብኚ» ተባልኩ፤ እሱ «ስደተኛ» ተባለ። ከነብር ጋር የመጡት «መልእክተኞች» ተብለው ነበር፤ ካርታ የሣሉት «የሃይማኖት ሰዎች» ተብለው ነበር። ኦቴሎም «ጄኔራል» ነበር፤ ግን ምን ሆነ? ከተማዋ አንድ ናት፤ የምትቀበለን ግን በያዝነው ወረቀት ነው። እኔ የምለው፣ ሰው ሲሰጥም የሚያየውን ሰው ምን ነገር ነው ተመልካች ብቻ የሚያደርገው? ክፋት ብቻ አይመስለኝም። አንድን ቦታ ለመታየት ብቻ የተሠራ መድረክ አድርጎ የለመደ ዓይን፣ በመድረኩ ላይ የሚሆነውን ሁሉ ትርኢት ያደርገዋል። ቀኑን ሙሉ ስልኩን ወደ ውሃው ያነጣጠረ እጅ፣ ውሃው ውስጥ ሰው ሲገባም አይወርድም።

ይህን የምለው ከሩቅ ሆኜ ለመፍረድ አይደለም። እኔ የፋሲል ግንብ ጥግ ያደግሁ ልጅ ነኝ። ጎንደር በ1979፣ ቬኒስ በ1987 በዩኔስኮ መዝገብ ላይ የሰፈሩ ናቸው፤ በዕድሜ ባይሆን በመዝገቡ እኛ እንቀድማለን። ልጅ ሳለን ፈረንጅ ሲመጣ ከኋላ ከኋላው እንሮጥ ነበር። በእኛም በር ስንት ካሜራ ተነጣጥሯል! እናቴ ቡና ስትወቅጥ ሳይጠይቅ ፎቶ ያነሣት ሰው አለ፤ «ቆይ፣ ልጠጣልህም እንዴ?» ብላ ሳቀችበት። ገብቶ የተቀመጠና ሦስተኛውን ድረስ ጠጥቶ የሄደም አለ፤ እሱን ግን እስከ ዛሬ «የእኛ ሰውዬ» ትለዋለች።

ታላቅ ወንድሜ አስጎብኚ ነው። ነበር ልበል? በ2020 ኮሮና መጣ፤ በዚያው ዓመት ማብቂያ የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ፤ ከ2023 ወዲህ ደግሞ በክልላችን ያለው ግጭት መንገዱን ሁሉ አስፈሪ አደረገው። ሆቴሎች ባዶ ዋሉ። ወንድሜ በቃሉ የያዘውን የነገሥታት ዝርዝር የሚሰማው አጥቶ ለእኔ ይለማመድብኝ ነበር። ስለዚህ አንባቢዬ፣ ቬኒስ ላይ ቆሜ «ቱሪስት ከተማን ይገድላል» ስል አፌ ይይዘኛል። ጎብኚ የጠፋበትን ከተማም አውቀዋለሁ። አንዷ በእንግዳ ብዛት ቤቷ ተወሰደባት፤ ሌላዋ በእንግዳ እጦት ጦሟን አደረች። መድኃኒቱ «ይምጡ» ወይም «አይምጡ» የሚል አይደለም ማለት ነው። እንዴት ይምጡ፣ ከመጡስ ማን ቤት ይግቡ፣ ገንዘቡ ማን እጅ ይግባ፣ አሮጊቷ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጎረቤት ይኑራት አይኑራት የሚል ጥያቄ ነው። አንድ ቀን ሰላም ሆኖ መንገዱ ሲከፈት፣ እኛም እንደ ቬኒስ ቤታችንን ሁሉ በሳምንት የሚከራይ አድርገን ከድልድይ ማዶ እንኑር? ወይስ ከአሁኑ እናስብበት?

አባቶቻችን እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ ነው፣ በሁለተኛው ብር ነው፣ እያለ ይወርዳል ይላሉ። እኔ በሁለተኛው ቀን ማታ ወጣሁ። እትዬ እስከ አውቶቡሱ ሸኙኝና ለእናቴ መድኃኒት፣ ለእህቴ ሻርፕ አስያዙኝ። ከመውጣቴ በፊት አሮጊቷ ቤት ደረጃውን ወጥቼ ሰላም ብያቸው ነበር። በእትዬ አስተርጓሚነት ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ከካርታው ላይ ያነሣሁትን ፎቶ አውጥቼ፣ አባይ ከጣና የሚወጣበትን አካባቢ በጣቴ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከዚያ ካርታ የሃያ ደቂቃ መንገድ ላይ ኖረው አይተውት እንደማያውቁ ነገሩን።